ስለ ዓሣ እስትንፋስና ስለ ሰው ነጻነት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ በእነዚህ ጥቂት ገጾች አንድ ጥያቄ ከእኛ ጋር እንድትመረምር እንለምንሃለን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ያለ ሌላ ነገር ሊኖር የማይችል ፍጥረት ነጻ ነው ሊባል ይገባዋልን? ወይስ ነጻ የሚባለው ማንንም ምንንም የማይፈልግ ብቻ ነው?

ይህ የሊቃውንት ብቻ ጥያቄ አይደለም። በከተማችን ያሉ ወጣቶች በትምህርት ቤት ግቢና በሻይ ቤት ተቀምጠው ሲነጋገሩበት ይሰማል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ፥ «እውነት ተናገር፥ አባትህንና እናትህን አክብር፥ ከስካርና ከሴሰኝነት ራቅ፥ ጸልይ የሚለው ትእዛዝ ሁሉ የእግር ብረት ነው፤ የተማረ ሰው ግን የእግር ብረቱን ሰብሮ እንደ ወደደ ይኖራል» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሁሉ ክፉዎች ናቸው አንልም። ብዙዎቹ ልባቸው ቅን ነው፤ የሚሹትም ነጻነት በእውነት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ነጻነትን በማይገኝበት ስፍራ የሚፈልግ ሰው ነጻነቱን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላልና፥ ነገሩን በትዕግሥት ልንመረምረው ይገባናል።

ለዚህም ምርመራ ምስክር አድርገን የምናቆመው ንጉሥን ወይም ፈላስፋን አይደለም፤ በገበያ ለሽያጭ ቀርቦ የምታየውን ዓሣ ነው እንጂ። ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ የመጀመሪያዎቹን ከዓሣ አጥማጆች መካከል እንደ ጠራ ታውቃለህ። እንግዲህ ከዓሣ መማር ለክርስቲያን ነውር አይሆንበትም።

ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ ሰዎች ለብዙ ዘመን አላወቁም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ የብዙ ዓሦችን አካል በጥንቃቄ የመረመረ ሰው ሲሆን፥ ዓሣ አይተነፍስም፤ ውኃን በስንጥቡ የሚያሳልፈው የሰውነቱን ሙቀት ለማብረድ ነው ብሎ አስተማረ። ይህን ያህል ታላቅ ሊቅ የሳተበት ምክንያት፥ በውኃ ውስጥ የተሰወረውን አየር የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1774 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ፥ እርሱም የወንጌል ሰባኪ የነበረ፥ ለእሳትና ለሕይወት የሚያስፈልገውን የአየር ክፍል ለይቶ አገኘ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ላቮዚዬ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ኦክሲጅን ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ የዓሣ ምሥጢር ቀስ በቀስ ተገለጠ።

ዓሣ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ የሚያይ ሰው ውኃ የሚጠጣ ይመስለዋል። ነገር ግን የሚጠጣ አይደለም፤ የሚተነፍስ ነው እንጂ። አፉን ከፍቶ ውኃውን ይስባል፤ ከዚያም አፉን ዘግቶ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ውኃውም በራሱ ግራና ቀኝ ባሉት ስንጥቦች መካከል አልፎ ከክዳናቸው ሥር ይወጣል። ስንጥብ የሚባለው በክዳን ተሸፍኖ በራሱ በሁለቱ ወገን ያለው ቀይ ነገር ነው። ቀርበህ ብትመለከተው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ክሮች ታያለህ፤ በእያንዳንዱም ክር ላይ በዓይን ሊለዩ የማይችሉ እጅግ ስስ ቅጠሎች አሉበት። ደም በእነዚህ ቅጠሎች ውስጥ ያልፋል። ደሙንና ውኃውን የሚለየውም ቆዳ እጅግ ስስ ስለ ሆነ፥ ኦክሲጅን ከውኃው ወደ ደሙ፥ የተቃጠለውም አየር ከደሙ ወደ ውኃው ይሻገራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስደንቅ ጥበብ አለ። ውኃው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ደሙ ደግሞ ወደ እርሱ አንጻር ይሄዳል። ሁለቱ ወደ አንድ ወገን አብረው ቢሄዱ ኖሮ፥ ውኃው ለደሙ ግማሹን ያህል ካካፈለ በኋላ ሁለቱ እኩል ይሆኑና መስጠትና መቀበል ያበቃ ነበር። ነገር ግን በአንጻሩ ስለሚሄዱ፥ ደሙ በእርምጃው ሁሉ ከእርሱ የበለጠ ባለጠጋ የሆነ ውኃ ያገኛል፤ እስከ መጨረሻውም ይቀበላል። ስለዚህ ዓሣ በውኃው ካለው ኦክሲጅን ከመቶው እስከ 80 የሚደርሰውን ሊወስድ ይችላል። እኛ ሰዎች ግን ከምንስበው ኦክሲጅን የምንወስደው ሩቡን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን መልሰን እንተነፍሰዋለን። ጥቂት የተሰጠው አጥብቆ ይይዛል፤ ብዙ የተሰጠው ግን ብዙውን ይበትናል።

በእውነትም ለዓሣ የተሰጠው ጥቂት ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፥ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን አለ። ልከኛ ሙቀት ባለው በአንድ ሊትር የወንዝ ውኃ ውስጥ ግን የሚገኘው ከ7 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ውኃውም ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ እርሱን በስንጥብ ማሳለፍ ብርቱ ድካም ነው። እንግዲህ አንድ ብልህ ነኝ የሚል ሰው በሐይቅ ዳር ቆሞ ለዓሣው እንዲህ ሊለው ይችላል፤ «አንተ ምስኪን፥ ስለ ምን በዚህ በጠባብ ሐይቅ ታስረህ በከባድ ውኃ ጥቂት እስትንፋስ ለማግኘት ትደክማለህ? ወደ እኛ ውጣ፤ በዚህ ከሠላሳ እጥፍ የሚበልጥ ኦክሲጅን ያለ ዋጋ ተዘርግቶልሃል።»

የዚህ ሰው ቍጥር ትክክል ነው፤ ምክሩ ግን የሞት ምክር ነው። ዓሣው ከውኃ በወጣ ጊዜ ምን ይሆናል? በውኃ ውስጥ ተለያይተው ይንሳፈፉ የነበሩት የስንጥቡ ክሮችና ቅጠሎች፥ በውኃ እንደ ራሰ መጽሐፍ ገጾች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። የመቀበያው ስፋት ያንሳል፤ ቀጥሎም ይደርቃል። ዓሣው አፉን ይከፍታል፥ ይዘጋል፤ ኦክሲጅንም በዙሪያው ሞልቶ ሳለ ሊቀበለው አይችልምና ታፍኖ ይሞታል። ልብ በል፤ የሞተው ከማጣት የተነሣ አይደለም፤ በብዛት መካከል ሆኖ መቀበል ባለመቻሉ ነው እንጂ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ስለ አኗኗራችን ስንመርጥ፥ «በዚያ ስፍራ ምን ያህል አለ?» ብለን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ «እኔ ለምን ተፈጥሬአለሁ? ከዚያስ ካለው ነገር ልቀበለው የምችለው ምንድር ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ውኃ ለዓሣ እስር ቤት አይደለም። ክንፉን ዘርግቶ እንደ ወፍ የሚበርበት፥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት፥ የሚወልድበትና የሚመገብበት ሰፊ አገሩ ነው። በውኃ ውስጥ ሳለ ሁሉን ማድረግ ይችላል፤ ከውኃ በወጣ ጊዜ ግን በአሸዋ ላይ ከመፈራገጥ በቀር ምንም አይችልም። እንግዲህ መፈራገጡን ነጻነት እንለዋለንን?

ምናልባት እንዲህ ትለን ይሆናል፤ «ምሳሌ ማስረጃ አይደለም። ዓሣ ዓሣ ነው፤ እኔ ግን ሰው ነኝ። በቆላም በደጋም፥ በአገሬም በባዕድ አገርም እኖራለሁ። ለእኔ ውኃዬ ምንድር ነው?» መልካም ጠየቅህ። ምሳሌ መንገድ ያሳያል እንጂ በራሱ አያስረዳም፤ ስለዚህ ነገሩን በሰው ሕይወት ልንፈትነው ያስፈልጋል።

አስቀድመን ግን ስለ ሥጋችን አንድ ነገር እንበል። እኛም ራሳችን ከውኃ ፈጽመን አልወጣንም። የሳንባችን የውስጥ ገጽ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ኦክሲጅንም ወደ ደማችን ከመግባቱ አስቀድሞ በዚያ እርጥበት ይሟሟል። በደረቅ ምድር ላይ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚተነፍስበትን ጥቂት ውኃ በደረቱ ተሸክሞ ይሄዳል። በዚህ ላይ ከማዕድ አስቀድሞ ምግብን፥ ከንግግር አስቀድሞ ቋንቋን፥ ከእውቀት አስቀድሞ መምህርን ከሌሎች ተቀበልን። «እኔ ማንንም አልፈልግም» የሚለው ሰው ይህን ቃል እንኳ የተናገረው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው።

አሁን ወደ ነፍስ ነገር እንምጣ። ሐሰትን ልማድ ያደረገውን ሰው ተመልከት። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን በምድረ በዳ አይኖርም፤ ዙሪያውን ብዙ ሰዎች አሉለት። ወዳጆቹ ያምኑታል፥ ሚስቱ ትወደዋለች፥ ጎረቤቶቹ ያከብሩታል። መታመንና ፍቅር እንደ አየር በዙሪያው ሞልቷል። ነገር ግን እርሱ በልቡ፥ «የሚወዱት እኔን አይደለም፤ እኔ የሠራሁላቸውን ምስል ነው፤ እውነተኛውን እኔን ቢያውቁ ይተዉኛል» ይላል። ስለዚህ ከሚሰጠው ፍቅር አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ልቡ አትገባም። በፍቅር መካከል ሆኖ ፍቅርን ይራባል። ይህን ፍርድ ማንም ዳኛ አልፈረደበትም፤ ሐሰቱ ራሱ የሚቀበልበትን ስንጥብ አጣብቆ ዘጋበት እንጂ።

እንደዚሁም ከባልንጀራው ሰርቆ በጻፈው ወረቀት ፈተና ያለፈ ተማሪ በሰው ፊት ይመሰገናል፤ ምስጋናው ግን አያጠግበውም፤ በሚቀጥለውም ፈተና ፍርሃት ይጨመርበታል። በሐሰት ሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ሣጥኑ ይሞላል፤ ነገር ግን ሌላው ነጋዴ ሁሉ እንደ እርሱ እንደሚያደርግ ይጠረጥራልና፥ ከማንም ሲገዛ በሰላም አይገዛም። በሴሰኝነት የሚኖር ሰው ብዙ ሰዎችን ያገኛል፤ አንዱን ሰው ለማወቅና ለአንዱ ለመታወቅ ግን ኃይል ያጣል። እነሆ፥ ኃጢአት ሁልጊዜ በማሳጣት አይቀጣም። ብዙ ጊዜ ሁሉን ትቶልን መቀበያችንን ይወስድብናል።

እንግዲህ እውነት፥ ታማኝነትና ፍቅር የሰው ነፍስ የምትተነፍስበት ውኃ እንደ ሆኑ ከዚህ እንረዳለን። የክርስቲያን እምነት ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ውኃ ኦክሲጅንን ከራሱ እንዳላገኘ ሁሉ፥ እነዚህም ነገሮች ሕይወታቸውን ከራሳቸው አላገኙም። ነፋስ ማዕበሉን ሲያናውጥ አየር ወደ ውኃው ይገባል፤ በውኃም ውስጥ ያሉ አረንጓዴ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅንን ያወጣሉ። ዓሣው በጥልቁ ሆኖ የሚተነፍሰው ከላይ ከነፋስና ከፀሐይ የመጣውን ነው። ሰውም እንዲሁ እውነትና ፍቅር የሚያገኘው ከእግዚአብሔር ነው፤ ኦሪትም ስለ መጀመሪያው ሰው ስትናገር የሕይወቱ እስትንፋስ ከፈጣሪው እንደ ተሰጠው ታስተምረናለች።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ ቆመን አንድ ትልቅ ተቃውሞ ልንሰማ ይገባናል፤ ያለዚያ ትምህርታችን ለክፉዎች መሣሪያ ይሆናልና። «ዓሣ በውኃው ይኑር የሚለውን ቃል ኃያላን ሲወዱት ኖረዋል። ባሪያን በባርነትህ ኑር፥ ድኻን በድኽነትህ ኑር፥ ሴትን ከጓዳ አትውጪ፥ ትምህርት ለእናንተ አይደለም፤ ውኃችሁ ይህ ነው ሲሉ ኖረዋል» የሚል ሰው ቢነሣ እውነት ተናገረ። እኛም እንዲህ እንመልስለታለን፤ ሰው የፈጠረው ማዕረግ የሰው ውኃው አይደለም። ውኃ የሚባለው እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ለሕይወቱ ያዘጋጀው ነው እንጂ፥ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት መረብ አይደለም። መረብም በውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ነገር ግን ውኃና መረብ አንድ አይደሉም።

ለዚህ ከአገራችን ታሪክ ምስክር አለን። ኦኔሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ከወገኖቹ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ። ከዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ መጽሐፉም በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር ታተመ። በዚህ የቋንቋ ሥራ የረዳችው አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች። እነዚህን ሰዎች፥ «በባርነት መኖር ውኃችሁ ነው» ያላቸው ሁሉ ሐሰተኛ ነበረ። ከባርነት በወጡ ጊዜ አልታፈኑም፤ ያን ጊዜ መተንፈስ ጀመሩ። በአገራችንም በ1942 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ባርነት በአዋጅ በተሻረ ጊዜ፥ የተሻረው መረቡ ነው እንጂ ውኃው አልነበረም።

እንግዲህ መረብን ከውኃ እንዴት እንለያለን ብትል፥ ከፍሬው እንለያለን። መረብ ከያዘው ሰው ለአጥማጁ ብቻ ይጠቅማል፤ ውኃ ግን በውስጡ ላለው ለራሱ ሕይወት ይሰጣል። የምትታዘዘው ትእዛዝ አንተን ይበልጥ እውነተኛ፥ ይበልጥ አፍቃሪ፥ ይበልጥ ብርቱ የሚያደርግህ እንደ ሆነ ውኃህ ነው። አንተን አሳንሶ ሌላውን ብቻ የሚያከብር እንደ ሆነ ግን መረብ ነውና መርምረው።

ሁለተኛም ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይህኛው ደግሞ ለእኛ በቤተ ክርስቲያን ለምንኖረው ነው። ብዙ ሰው ዓሣ የሚተነፍሰው ውኃውን ራሱን ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ውኃ ራሱ ከኦክሲጅንና ከሃይድሮጅን የተሠራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ በውኃው ባሕርይ የታሰረው ኦክሲጅን ለዓሣ አይጠቅመውም። እርሱ የሚተነፍሰው ከላይ መጥቶ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ነው። ስለዚህ ውኃን አፍልተህ፥ የሟሟው አየር ከወጣለት በኋላ በዕቃ ከድነህ ብታቀዘቅዘው፥ ዕቃው እስከ አፉ ቢሞላም በውስጡ የሚጨመር ዓሣ ይታፈናል። ውኃው ያው ውኃ ይመስላል፤ ጥራቱ አልተለወጠም፥ መጠኑም ብዙ አልጎደለም፤ እስትንፋስ ግን የለበትም።

ሃይማኖትም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ጾሙ፥ ጸሎቱ፥ ስብከቱ፥ መዝሙሩ በየተራው ይፈጸማል፤ ቤቱም በሰው ይሞላል። ነገር ግን በዚያ ቤት ድኻ የሚናቅ፥ ባለጠጋ የሚደለል፥ እውነት የሚናገር የሚባረር እንደ ሆነ፥ ውኃው አለ፥ እስትንፋሱ ግን ወጥቷል። ከወጣቶቻችን መካከል ከቤተ ክርስቲያን የሸሹ አሉ፤ እነርሱን ከመውቀሳችን አስቀድሞ፥ ከውኃ ሸሹን ወይስ እስትንፋስ ከሌለበት ውኃ ሸሹ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። በሚታፈን ውኃ ያለ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን በውኃው ፊት ላይ ይከፍታል፤ ይህን የሚያደርገው ከትዕቢት የተነሣ አይደለም፤ ስለ ሕይወቱ ነው እንጂ።

በዚህም ምክንያት የክርስቲያን ግዴታ በራሱ ውኃ መኖር ብቻ አይደለም፤ የባልንጀራውን ውኃ መጠበቅም ነው። ዓሣ የሚኖርበትን ውኃ ሊያጠራ አይችልም፤ የሚያቈሽሸውም ሆነ የሚያጠራው ሌላ ነው። የጣናን ሐይቅ ተመልከት። ከዓሦቹ አንዳንዶቹ በክረምት እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው እንቍላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ፤ እንቍላሉም ለማደግ ኦክሲጅን ያለበት የሚፈስ ውኃ ያስፈልገዋል። ወንዙ በደለል ሲሞላ ጠጠሩ ይሸፈናል፥ እንቍላሉም ይታፈናል። በ2011 ዓ.ም. ገደማ በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እንቦጭ የተባለ አረም በሐይቁ ታየ። አበባው ያማረ ነው፤ ነገር ግን በውኃው ላይ እንደ ምንጣፍ ሲዘረጋ ብርሃንን ይከለክላል፥ ነፋስም ውኃውን እንዳያናውጥ ያግዳል፤ ሞቶ ሲበሰብስም በውኃው ያለውን ኦክሲጅን ያሳልቃል። በሐይቁ ዳር ያሉ ገበሬዎችና ወጣቶች ደረታቸው ድረስ በውኃ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ታይተዋል። ይህ ሥራ ስብከት ሳይሰበክበት መልካም ስብከት ነው።

አሁን ስለ ቤትህ አስብ። አባት በቍጣ ሲገባ ልጆች ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ የእያንዳንዱም እስትንፋስ ያጥራል። በመሥሪያ ቤት አንድ ሐሜተኛ ሲኖር ሰው ሁሉ ቃሉን ይሰውራል፤ መተማመንም ቀስ በቀስ ያልቃል። በትምህርት ቤት በድኻው ልጅ ልብስ የሚስቁ ቢኖሩ፥ ያ ልጅ ትምህርቱን የሚስብበት ልብ ይዘጋል። ማንንም አልገደልሁም የሚል ሰው፥ «የማንን ውኃ አቈሽሻለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ሐሜት፥ ንቀትና ቍጣ አበባቸው እንደ እንቦጭ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታና ቀልድ መስለው ይመጣሉና። ነገር ግን ከሥራቸው ያለው ሁሉ ይታፈናል። ገና ጥቂት ሳሉ በእጅህ ንቀላቸው።

ምናልባት ደግሞ አንድ ተማሪ፥ «በሳንባ የሚተነፍስ ዓሣ አለ ብለው አስተምረውኛል፤ እንግዲህ ሕጋችሁ ፈረሰ» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አለ። በአገራችን ሐይቆች ያለው አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየርን የሚቀበልበት ሌላ ክፍል አለውና፥ እርጥበት ካገኘ ከውኃ ወጥቶ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በአፍሪካ ረግረጎችም ሳንባ ያላቸው ዓሦች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ውኃው ሲደርቅ ጭቃውን ቈፍረው ይገባሉ፥ ሰውነታቸውንም ከራሳቸው በወጣ ሙጫ በሚመስል ነገር ይሸፍናሉ፤ ጠባብ የአየር ቀዳዳ ትተው ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ለወራት ይጠብቃሉ። ነገር ግን ይህ ሕጉን አያፈርሰውም፤ ያጸናዋል እንጂ። ይህ ዓሣ በውኃ ውስጥ ሳለ ወደ ላይ ወጥቶ አየር እንዳይስብ ቢከለከል ይሰጥማልና። አንዱ በአየር ይታፈናል፤ ሌላው በውኃ ይሰጥማል፤ ሁለቱም እንደ ተፈጠሩት ካልኖሩ ይሞታሉ። የሰዎችም ሥራና ጠባይ ልዩ ልዩ ነው፤ ሁሉን በአንድ ልክ መቍረጥ አይገባም። ሆኖም ያለ እስትንፋስ የሚኖር ማንም የለም።

ይህም ዓሣ በድርቅ ለሚኖር ክርስቲያን መጽናናት ነው። በሕመም አልጋ ያለ፥ ከወገኑ ርቆ በባዕድ ቤት የሚሠራ፥ እውነተኛ ወዳጅ ያጣ ሰው፥ ሐይቁ ሁሉ የደረቀ ይመስለዋል። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ሐይቁን ልትሞሉት አትችሉም፤ ነገር ግን አንዲቱን ቀዳዳ አትድፈኑ። አጭር ጸሎት፥ ለአንድ ሰው የሚነገር አንድ የእውነት ቃል፥ በቀን አንድ የምሕረት ሥራ፥ ይህች ጠባብ ቀዳዳ ናት። ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ በእርስዋ መኖር ይቻላል።

ስለ አኗኗራችንም የሚቀረን ምክር ይህ ነው። ዓሣ ዛሬ ለነገ ሊተነፍስ አይችልም። እስትንፋስ እንደ እህል በጎተራ አይከማችም። ቱና የሚባለው የባሕር ዓሣ ደግሞ አፉን ከፍቶ ወደ ፊት በመዋኘቱ ውኃውን በስንጥቡ ያሳልፋልና፥ ፈጽሞ ቢቆም ይታፈናል። አንተም፥ «በልጅነቴ ተምሬአለሁ፥ ባለፈው ዓመት ንስሓ ገብቻለሁ፥ ከዚህ በፊት ለድኻ ሰጥቻለሁ» ብለህ በትናንቱ እስትንፋስ ዛሬ ለመኖር አትሞክር። በየማለዳው ልብህን ወደ እግዚአብሔር ክፈት። በየቀኑ ከሐሰት ይልቅ እውነትን ምረጥ፥ ዋጋ ቢያስከፍልህም። ማታም ከመተኛትህ በፊት ያስቀየምኸው ሰው ቢኖር አስብና ሳይመሽ ታረቀው። ደሙ ወደ ውኃው አንጻር እንደሚሄድ ሁሉ፥ አንተም ከአንተ የበለጠ እውነት ወዳላቸው ሰዎች ቅረብ፤ ከእነርሱም እስከ መጨረሻው ተቀበል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን መልስ ደርሰናል። ነጻ ፍጥረት ማለት ምንንም የማይፈልግ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ከፈጣሪ በቀር የለምና። ነጻ ፍጥረት ማለት የሚፈልገውን ባለበት ስፍራ አግኝቶ፥ በዚያም የተፈጠረለትን ሥራ ያለ ከልካይ የሚሠራ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከዳር ቆሞ፥ «ውጣ፤ በዚህ ብዙ አለ» ሲልህ፥ የብዛቱን ቍጥር አትካድ፤ ነገር ግን፥ «በዚያ ልተነፍስ እችላለሁን?» ብለህ ጠይቀው። ወጥተህም በአሸዋው ላይ ከሆንህ፥ ይህንም ጽሑፍ በተጨነቀ ልብ የምታነብ ከሆንህ፥ ተስፋ አትቍረጥ። ከዓሣ የምትበልጥበት አንድ ነገር አለህ። እርሱ በአሸዋ ላይ ሲፈራገጥ ወደ ውኃው የሚመልሰው እጅ ይመጣለት ዘንድ ሊጠራ አይችልም፤ አንተ ግን ልትጠራ ትችላለህ፤ የምትጠራውም አምላክ ይሰማል። ሳትዘገይ ጥራው። እርሱም ነፍስህን ወደ ሰፊው የሕይወት ውኃ ይመልሳት፤ አሜን።